ማተቡ ባለበት፣ መስቀሉ ከፍ ይበል

«ልጄ፣ ያ መብራትህ እኮ አሻረኝ!»

ነፋስ መውጫ ላይ ራጅ የሚያነሣ ሰው ይህን ምርቃት ሳይሰማ አይከርምም። ከስማዳ ወይም ከእስቴ የመጡ አባት ደረታቸውን ይነሣሉ፤ ክኒኑን ገና ሳይጀምሩት ቀለል ይላቸዋል። «አባቴ፣ እሱ ያሳያል እንጂ አያድንም» ብላቸው አያምኑኝም። እኔን ይበልጥ የሚከነክነኝ ግን «ራጅ ምንም አያደርግም፣ አልፎ ይሄዳል» የሚለው የእኛ የባለሙያዎቹ አነጋገር ነው። ሁሉም አልፎ ቢሄድማ ፊልሙ ላይ ምን ይታይ ነበር? ምስል የሚገኘው ጨረሩ በከፊል ሰውነት ውስጥ ስለሚቀር ነው። አጥንት በካልሲየሙ ብዙውን ያስቀራል፤ አየር የሞላው ሳንባ ያሳልፋል። የቀረው ጨረር ከአቶም ላይ ኤሌክትሮን ያስፈነጥራል፣ የሴልን ውሃ ይሰብራል፣ አልፎ አልፎም ዲኤንኤውን ይነካል። ሰውነት አብዛኛውን ይጠግነዋል። የእኛ ሥራ የሚጠገነውን አለማብዛት ነው።

ጨረር ከሚበዛባቸው ምክንያቶች አንዱ ደግሞ ፊልሙ ተበላሽቶ እንደገና ማንሣት ነው። ብርድ አገር ስለሆነ ሰው ጋቢ በጋቢ ላይ ደርቦ ይመጣል፤ አንገቱ ላይ ማተብ፣ መስቀል፣ ክታብ አለ። ጀማሪ ባለሙያ «ማተቡን አውልቂ» ይልና ጠብ ይነሣል። ክሩ እኮ ለራጅ ከቁብ አይቆጠርም! ጣጣው ብረቱ ነው። ክታቡም በቆዳ ተሰፍቶ ስለሚወፍር ሳንባ ላይ እባጭ መስሎ ሐኪም ያሳስታል። «እታለም፣ ማተብሽ ባለበት ይሁን፤ መስቀሉን ብቻ ከፍ አድርገሽ በጥርስሽ ያዢልኝ» እላለሁ። መስቀሉ ከሳንባው ጫፍ በላይ ይወጣል፤ ወሬም አይኖርም።

ሮንትገን ይህን ጨረር ጀርመን ውስጥ ያገኘው በጥቅምት 1888 ዓ.ም ነው፤ አድዋ አራት ወር ገደማ ሲቀረው። በዚያው ዓመት ኔፕልስ ላይ ጁሴፔ አልቫሮ የተባለ ወታደራዊ ሐኪም፣ ከእኛ አገር ቆስለው የተመለሱ የሁለት ጣሊያናውያን ወታደሮችን ክንድ በራጅ አይቶ ጥይት ፈልጓል። ራጅ ለጦር ቁስለኛ ሲውል ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ይህ ነበር። የዚያ ዘመን ሰዎች የገዛ እጃቸውን መሞከሪያ ያደርጉ ነበር፤ የኤዲሰን ረዳት ክላረንስ ዳሊ በዚሁ ሰበብ እ.ኤ.አ. በ1904 ሞተ። ከእርሳስ መከለያው ጀርባ መቆም ፈሪነት የሚመስለው ካለ እሱን ያስብ።

ለነፍሰ ጡር የምናነሣው አልትራሳውንድ ሌላ ዘር ነው። ድምፅ ነው፤ ለሆድ ሲሆን በሰከንድ ሦስት ሚሊዮን ተኩል ጊዜ ያህል ይርገበገባል። ጆሯችን ከ20,000 በላይ ስለማይሰማ ዝም ያለ ይመስለናል። ኤሌክትሮን አያስፈነጥርም፤ ሥጋውን ያርገበግባል፣ ጥቂት ያሞቃል፣ ማሚቶው ተመልሶ ሥዕል ይሆናል። ጠላቱ አየር ነው። በቆዳውና በመሣሪያው መካከል ስስ አየር እንኳ ከቀረ ድምፁ ሳይገባ ይመለሳል፤ ጄል የምንቀባው ለዚህ ነው። ግን በእኛ አገር ጠዋት ቀዝቃዛ ጄል ሆድ ላይ ማፍሰስ ግፍ ነው፤ ጠርሙሱን ከጋዋኔ ሥር ሸጉጬ አሞቀዋለሁ።

ከሁሉ የሚበዛው ጨረር ያለው ከክፍሌ ውጭ ነው። ከተማችን ከ3,000 ሜትር በላይ ናት፤ በየ1,000 ሜትሩ የፀሐይ አልትራቫዮሌት 10 በመቶ ያህል ይጨምራል። የሚገርመው ግን እዚሁ ፀሐይ ያነሰው ሕፃን አያለሁ። የእጅ አንጓውን አነሣዋለሁ፤ ለዚህ 50 ኪሎቮልት ገደማ ይበቃል፤ ትንሽ ጨረር ነው። የአጥንቱ ጫፍ ጥርት ያለ መስመር መሆን ሲገባው ሰፍቶ፣ ጎድጉዶ፣ ዳሩ ተበጣጥሶ ይታያል። ሪኬትስ ነው። እናት ብርዱን ፈርታ ልጇን ጠቅልላ ቤት ትይዘዋለች፤ በቆዳው ላይ ቫይታሚን ዲ የሚሠራው ሞገድ ደግሞ በልብስ አያልፍም። መድኃኒቱን ሐኪሙ ያዝዛል። እኔ ፊልሙን ስሰጣት «ነፋሱ ይመታብኛል» ትለኛለች። «ከግድግዳው ከለል በይና እግሩንና ክንዱን ግለጪለት። በመስኮት መስተዋት የገባው ፀሐይ ግን ይሞቃል እንጂ ለዚህ አይረዳውም።»