ከሰል የማያሳየው አንጀት

ሞርፊን የተሰጣት አይጥ አንጀቷ ይዘገያል፤ የኦፒዮይድ ተቀባዮችን የሚዘጋው ናሎክሶን ሲጨመርላት ወደ ቀድሞ ፍጥነቱ ይመለሳል፤ ተመራማሪውም «በኦፒዮይድ ተቀባዮች በኩል ነው» ብሎ ይደመድማል። ድምዳሜው ትክክል ነው። ሞርፊን ጨርሶ ያልቀመሰ እንስሳ ናሎክሶን ቢሰጠው ምን ይሆናል የሚለው ከዚህ የሚበልጥ ጥያቄ ግን ቸል ተብሏል።

ለዚህ ቸልታ ዋናው ተጠያቂ የከሰል ሙከራው ነው እላለሁ። ያልበላች አይጥ በሙጫ የተበጠበጠ የከሰል ዱቄት ትጋታለች። አብዛኛውን ጊዜ ከ20 እስከ 30 ደቂቃ ባለው ጊዜ ውስጥ ትገደልና ትንሹ አንጀቷ ተዘርግቶ ይለካል፤ ከሰሉ የተጓዘው ርቀት ከጠቅላላው ርዝመት በመቶኛ ይሰላል። ዘዴው ርካሽና ፈጣን ነው፤ ለማስተማርም ይመቻል። የሚለካው ግን የከሰሉ ጫፍ የደረሰበትን ብቻ ስለሆነ፣ የቅፍለትን ጉዞ በፊተኛዋ በቅሎ እንደ መመዘን ነው። ጨጓራው ዘግይቶ ይልቀቅ ወይም አንጀቱ ራሱ ይድከም፣ ቁጥሩ አይለይም። እርጥብ አንጀት ደግሞ ሲጎተት ይረዝማል። ከሁሉ የሚብሰው፣ በጤነኛ አይጥ ከሰሉ ቀድሞውኑ ሩቅ ከደረሰ የናሎክሶን ተጨማሪ ግፊት የሚታይበት ቦታ አይተርፍም። «ናሎክሶን ብቻውን ለውጥ አላመጣም» የሚል ውጤት ሲቀርብልኝ መጀመሪያ የምጠረጥረው መለኪያውን ነው።

ናሎክሶን ብቻውን ምን ያደርጋል ለሚለው ጥያቄ መልሱ የተገኘው ከጊኒ ፒግ ተቆርጦ በወጣ አንጀት ነው። ተመራማሪው ትሬንደለንበርግ እ.ኤ.አ. በ1917 የገለጸው ዘዴ አንጀቱን ከውስጥ በፈሳሽ ወጥሮ ግፊያውን ይከታተላል። በ1976 ቫን ኑተንና ባልደረቦቹ ተወጥሮ ቆይቶ ግፊያው የደከመ አንጀት ላይ ናሎክሶን ሲጨምሩ ግፊያው ተመለሰ። አንጀቱ በተነከረበት ገንዳ ውስጥ ሞርፊን አልነበረም። ሂዩዝና ኮስተርሊትዝ ከአንድ ዓመት በፊት በአበርዲን ሰውነት ራሱ የሚያመነጨውን ኦፒዮይድ፣ ኤንኬፋሊንን፣ ይፋ አድርገው ስለነበር፣ አንጀቱ በራሱ ኦፒዮይድ ራሱን ይገታል የሚለው ትርጓሜ መሠረት አገኘ። በዚህ ዘርፍ ይህን ያህል ቀላልና ይህን ያህል የሚያምር ሙከራ አላውቅም።

ሆኖም ጊኒ ፒግ የእንስሳት ሁሉ ወኪል አይደለም። ሞርፊን የውሻን አንጀት ያስኮማትራል እንጂ ዝም አያሰኘውም። መድኃኒቱም እንደ እንስሳው ይለያያል፦ ተመራማሪው ጎልድበርግ በቺካጎ ያበረከተው፣ በአሜሪካ በ2008 የጸደቀው፣ እንደ ናሎክሶን የኦፒዮይድ ተቀባዮችን የሚዘጋው ሜቲልናልትሬክሶን ኤሌክትሪካዊ ሙል ስላለው ወደ አንጎል እምብዛም አይዘልቅም። በአይጥና በአይጠ መጎጥ አካል ግን ከፊሉ ሜቲሉን ጥሎ አንጎል ወደሚገባው ናልትሬክሶን ይለወጣል። ስለዚህ «ውጤቱ የአንጀት ብቻ ነው» የሚል ሁሉ እንስሳውንና መጠኑን መጥቀስ አለበት።

ነገሩ እኛንም ይመለከታል። በዩኒቨርሲቲዎቻችን የተቅማጥ ባህላዊ መድኃኒቶች በጉሎ ዘይትና በከሰል ይፈተሻሉ፤ ማወዳደሪያቸውም ብዙውን ጊዜ ሎፔራማይድ ነው። ሎፔራማይድ ራሱ ኦፒዮይድ ነው። አንድ ቅጠል እንደ እርሱ አንጀትን ስላዘገየ ብቻ መንገዳቸው አንድ ነው ማለት አይቻልም፤ ናሎክሶን የተሰጠው ቡድን ያስፈልጋል። ያለዚህ ቡድን ስለ አሠራሩ የሚተነትን ጽሑፍ ቢቀርብልኝ ሳይታተም እመልሰዋለሁ።