የተጎዳውን ወርዋሪ መተካት፦ ስለ ቡልፔን አመራር

በሰሜን አሜሪካ ከፍተኛው የቤዝቦል ውድድር፣ ማለትም በሜጀር ሊግ፣ አንድ ቡድን በአብዛኛው የውድድር ዘመን ለጨዋታ ዝግጁ አድርጎ መያዝ የሚችለው 26 ተጫዋቾችን ብቻ ሲሆን፣ ከእነዚህም መካከል ኳስ ወርዋሪዎቹ ከ13 መብለጥ የለባቸውም። ብዙውን ጊዜ 5ቱ ጨዋታውን የሚጀምሩ ከፋች ወርዋሪዎች ናቸው፤ የቀሩት 8 ደግሞ ከፋቹ ሲደክም ወይም ኳሱ በተደጋጋሚ ሲመታበት የሚገቡ ተቀያሪ ወርዋሪዎች ናቸው። እነዚህ ስምንቱ ተራቸውን የሚጠብቁበትና ክንዳቸውን የሚያሟሙቁበት ስፍራ ቡልፔን ይባላል፤ ስሙ በዚያ ለሚቀመጠው ስብስብም መጠሪያ ሆኗል። መደበኛው ውድድር 162 ጨዋታዎች ያሉትና በአብዛኛው በየዕለቱ የሚካሄድ በመሆኑ፣ ከስምንቱ አንዱ ሲጎዳ በሰባቱ ላይ የሚወድቀው ሸክም በሁለትና በሦስት ቀናት ውስጥ ይታያል።

ጉዳቱ ሲደርስ ቡድኑ ከታችኛው የውድድር እርከን፣ ከማይነር ሊግ፣ በተለይም የመጨረሻው መሰላል ከሆነው ከትሪፕል ኤ፣ አንድ ወርዋሪ ይጠራል። ይህ ውሳኔ ከውጭ ሲታይ የጎደለውን ቁጥር መሙላት ቢመስልም፣ በሥራው የቆዩ አሠልጣኞች ሁለት ጥያቄዎችን ለያይተው ያዩታል፤ አንደኛው የተጎዳው ሰው ይወጣው የነበረውን ተግባር ከነባሮቹ ማን ይረከበዋል የሚለው ሲሆን፣ ሁለተኛው ከታች የሚመጣው እንግዳ ከየትኛው ሥራ ይጀምር የሚለው ነው። ሁለቱን ጥያቄዎች በአንድ ሰው ለመመለስ መሞከር፣ ማለትም አዲሱን ሰው በቀጥታ በተጎዳው ቦታ ማስገባት፣ በዚህ ሙያ ውስጥ ብዙ ጉዳት የሚያስከትል ችኮላ ነው።

የአሠራሩ ደንብ ምርጫውን አስቀድሞ ስለሚያጠበው በአጭሩ መታወቅ አለበት። የተጎዳ ወርዋሪ በጉዳተኞች መዝገብ ሲገባ ቢያንስ 15 ቀን ከጨዋታ ውጪ ይሆናል፤ ቀኑ ወደ ኋላ ተመልሶ ሊቆጠር የሚችለው ግን ቢበዛ በ3 ቀን ብቻ ነው። በዚህ ምክንያት «ነገ ይሻለው ይሆናል» እያለ የሚጠብቅ ቡድን ከ3 ቀን በኋላ ያለውን ጊዜ በከንቱ ያጣል፤ በዚያ ሁሉ ጊዜም በ7 ተቀያሪዎች ይጫወታል። ተተኪው የግድ ቡድኑ መብታቸውን ጠብቆ በያዛቸው የ40 ተጫዋቾች መዝገብ ውስጥ መኖር ወይም መጨመር አለበት፤ መዝገቡ ሞልቶ ከሆነ ሌላ ሰው መውጣት ወይም ጉዳቱ የረዘመ ተጫዋች ወደ 60 ቀኑ የጉዳተኞች መዝገብ መዛወር ይኖርበታል። ወደ ታች የወረደ ወርዋሪ ቢያንስ 15 ቀን እዚያ መቆየት ቢጠበቅበትም፣ የተጎዳን ሰው ለመተካት ከሆነ ግን ቀኑ ሳይሞላ ሊጠራ ይችላል።

ከደንቡ ቀጥሎ የሚመጣው ምርጫ የሙያው እውነተኛ ፈተና ነው። ልምድ የሌለው ሰው በትሪፕል ኤ ምርጡ ማን እንደሆነ ሲጠይቅ፣ ልምድ ያለው ግን አስቀድሞ ትናንትና ከትናንት ወዲያ ያልወረወረው ማን እንደሆነ ይጠይቃል፤ ምክንያቱም ሁለት ሌሊት በተከታታይ የወረወረ ምርጥ ክንድ ለዛሬው ጨዋታ የማይደረስበት ክንድ ነው። ጉዳት ያጋጠመው ቡልፔን ብዙ ጊዜ ቀድሞውኑ የደከመ ቡልፔን በመሆኑም፣ በመጀመሪያው ሳምንት ይበልጥ የሚያስፈልገው አንድን መቺ በድንቅ ኳስ የሚያሸንፍ ሰው ሳይሆን፣ ሁለት ወይም ሦስት ኢኒንግ ያለ ችግር ተሸክሞ ሌሎቹን የሚያሳርፍ ሰው ሊሆን ይችላል። ኢኒንግ ማለት እያንዳንዱ ቡድን ሦስት ተጫዋቾቹ እስኪወጡበት ድረስ የሚመታበት ዙር ሲሆን፣ ጨዋታው በመደበኛነት 9 ኢኒንግ አለው። እ.ኤ.አ. ከ2020 ወዲህ የገባ ተቀያሪ ቢያንስ ሦስት መቺዎችን መግጠም ወይም ኢኒንጉን መጨረስ ስላለበት፣ ግራኝ መቺን ብቻ ለመግጠም ግራኝ ወርዋሪ የመጥራቱ የቆየ ልማድ ዋጋው ቀንሷል።

በታችኛው ሊግ የተመዘገበው ቁጥርም ጥንቃቄ በተሞላው ዓይን መነበብ አለበት። ትሪፕል ኤ ከ2019 ጀምሮ የሜጀር ሊጉን ኳስ ስለሚጠቀም አንድ የቆየ ልዩነት ጠፍቷል፤ ነገር ግን አየሩ አንድ ዓይነት አይደለም። ከባሕር ወለል ከ1,500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ በምትገኘው፣ የትሪፕል ኤ ቡድን ባለባት በአልበከርኪ አየሩ ስለሚሳሳ የተመታ ኳስ ይርቃል፣ የሚታጠፍ ኳስም እንደሚጠበቀው አይታጠፍም። እዚያ ብዙ ነጥብ የተቆጠረበት ወርዋሪ ደካማ ነው ብሎ መደምደም ስለዚህ ስሕተት ሲሆን፣ የኳሱን ፍጥነት፣ መቺዎችን ባዶ የሚያስመታበትን ድግግሞሽና በነጻ ወደ ቤዝ የሚሰዳቸውን ብዛት ማየት ይበልጥ ይጠቅማል። ከ2023 ወዲህ በትሪፕል ኤ ሜዳዎች ሁሉ ስትራይክን፣ ማለትም በትክክለኛው ክልል ያለፈን ኳስ፣ በመሣሪያ የመለየት ዘዴ በሥራ ላይ በመዋሉ፣ ይህ የመጨረሻው ቁጥርም ራሱ ማብራሪያ ሳይጠየቅበት አይታመንም።

ርቀትም ከምርጫው መለኪያዎች አንዱ ነው። በሲያትልና በዋሽንግተን የሚኖሩ አማርኛ ተናጋሪዎች የከተሞቻቸውን ቡድኖች ቢከታተሉ ልዩነቱን በቀላሉ ያስተውላሉ፤ የሲያትል ማሪነርስ ወርዋሪውን ከቅርቧ ከታኮማ በመኪና ሲያስመጣ፣ ዋሽንግተን ናሽናልስ ግን በኒው ዮርክ ግዛት ካለችው ከሮቸስተር ማስመጣት አለበት። የካናዳዋ የቶሮንቶ ቡድን ደግሞ ተተኪውን የሚጠራው ከድንበሩ ማዶ ከቡፋሎ በመሆኑ፣ የወርዋሪው ፓስፖርት ዝግጁ መሆኑ የኳሱን ያህል ያሳስባል።

ተግባርን ከሰው የመለየቱ ጥበብ በ2005ቱ የቺካጎ ዋይት ሶክስ ታሪክ በግልጽ ይታያል። ወርዋሪውን ቦቢ ጄንክስን ቀድሞ ይዞት የነበረው ቡድን በ2004 መጨረሻ ለቆት ዋይት ሶክስ ወሰደው፤ ውድድሩን በደብል ኤ፣ ማለትም ከትሪፕል ኤ አንድ እርከን ዝቅ ብሎ፣ ጀምሮ በጁላይ ወደ ላይ ተጠራ። በዚያን ጊዜ የመጨረሻውን ኢኒንግ የሚዘጋው ደስቲን ኸርማንሰን ነበርና ጄንክስ ቀለል ባሉ ሁኔታዎች እየገባ ከመቺዎቹ ጋር ተዋወቀ። በሴፕቴምበር የኸርማንሰን ጀርባ ሲታመም መዝጊያውን የተረከበው ስለዚህ ትናንት የመጣ እንግዳ ሳይሆን ሁለት ወር ያህል የተፈተነ ሰው ነበር፤ በኦክቶበርም ዋይት ሶክስ ከ1917 ወዲህ የመጀመሪያውን የሜጀር ሊግ ዋንጫ ሲወስድ የመጨረሻውን ኳስ የወረወረው እርሱ ሆነ።

የ2002ቱ የአናሃይም ኤንጅልስ ጉዳይ ከዚህ የተለየ ይመስላል። የ20 ዓመቱ ፍራንሲስኮ ሮድሪጌዝ በሴፕቴምበር ተጠርቶ በመደበኛው ውድድር 5 ጨዋታ ብቻ ወረወረ፤ ከመደበኛው ቀጥሎ ለሚካሄደው ድኅረ ውድድር ብቁ የሆነውም ደንቡ በጉዳት ላይ ያለን ተጫዋች መተካት ስለሚፈቅድ ነበር። በዚያ ድኅረ ውድድር 28 መቺዎችን በስትራይክ አስወጥቶ 5 ጨዋታ አሸነፈ። ይህን ያየ ሰው ወጣትን ወዲያውኑ ከባድ ቦታ ላይ መጣል ያዋጣል ሊል ይችላል፤ ነገር ግን ዋና አሠልጣኙ ማይክ ሶሻ የመጨረሻውን ኢኒንግ ከትሮይ ፐርሲቫል አልወሰደም። ሮድሪጌዝ የገባው ከመዝጊያው በፊት ባሉት ኢኒንጎች ሲሆን፣ ኃላፊነቱም የከበደው ውጤቱ እየታየ ነው። ጨዋታው ውጥረት የበዛበት ቢሆንም እንኳ፣ ሌሎቹ ወርዋሪዎች የለመዱት ሰዓት አለመናጋቱ ለወጣቱ መደላድል ሆኖታል ማለት ተገቢ ነው።

ከመተካቱ በፊት የሚቀድመው ጉዳቱን የማወቅ ሥራ ነው፤ ይህ ደግሞ ከቁጥር ይልቅ እምነትን ይጠይቃል። ወርዋሪ ሕመሙን የሚደብቀው ቦታውን ላለማጣት ነው። ፍጥነቱ ሳይታወቅ ሲቀንስ፣ ኳሱን የሚለቅበት ከፍታ ዝቅ ሲል ወይም የሚታጠፈውን ኳስ መሸሽ ሲጀምር፣ አሠልጣኙ በቅጣት ሳይሆን በጥያቄ መቅረብ ይገባዋል፤ ምክንያቱም ዛሬ የተደበቀ የክርን ሕመም ነገ የጅማት መበጠስ ሊሆን ይችላል። ዶክተር ፍራንክ ጆብ በ1974 ለወርዋሪው ለቶሚ ጆን ያደረጉት የክርን ጅማት ቀዶ ሕክምና ብዙዎችን ወደ ሜዳ የመለሰ ቢሆንም፣ ማገገሚያው አብዛኛውን ጊዜ ከአንድ ዓመት በላይ ይወስዳል። ጉዳቱን ቀድሞ የተናገረ ወርዋሪ ቦታው ተጠብቆለት ሲመለስ ያዩት ጓደኞቹ እንዲሁ ይናገራሉ፤ ሌላ ማሳመኛ የለም።

አዲስ ለሚመጣውም ሰው ተመሳሳይ ግልጽነት ይገባዋል። በ2025 የሜጀር ሊግ ዝቅተኛ ዓመታዊ ደመወዝ 760,000 ዶላር የነበረ ሲሆን፣ በ2023ቱ ስምምነት ለትሪፕል ኤ የተወሰነው ዝቅተኛ ክፍያ ግን 35,800 ዶላር ነበር፤ ደመወዙም በቀን ተከፋፍሎ ስለሚታሰብ፣ ለተጠራው ወርዋሪ እያንዳንዱ የላይኛው ሊግ ቀን ለቤተሰቡ የሚቆጠር ቀን ነው። ይህን ያህል ነገር በልቡ ተሸክሞ የሚመጣ ሰው፣ ሲጠሩት አቅሙን ሁሉ በመጀመሪያው ኳስ ላይ ለማፍሰስ ይፈተናል። ስለዚህ በመጣበት ቀን ከኳስ ተቀባዩ ጋር ተቀምጦ የትኛውን ኳስ እንደሚያምን መነጋገር፣ ለመሟሟቅ ስንት ውርወራ እንደሚበቃው መናገር፣ በምን ሁኔታ እንደሚገባም አስቀድሞ መስማት አለበት። በተለይ የማይገባበትን ቀን ማወቁ ይጠቅመዋል፤ ሳይገባ በየሌሊቱ እየተነሣ የሚሟሟቅ ክንድ በመዝገብ ላይ ምንም ሳይጻፍበት ይደክማልና።

የተጎዳው ወርዋሪ ሲሻለው በማይነር ሊግ የመሞከሪያ ጨዋታ ይወረውራል፤ ለወርዋሪዎች የተፈቀደው ጊዜ ቢበዛ 30 ቀን በመሆኑ የሚመለስበት ዕለት አስቀድሞ ሊገመት ይችላል። አሠልጣኙ ይህን ጊዜ ተተኪውን በመጨረሻዎቹ ቀናት ያለ ልክ ለማሠራት ሳይሆን፣ ታች ላለው አሠልጣኝ የሚላክ ማስታወሻ ለማዘጋጀት ሊጠቀምበት ይገባል፤ ማስታወሻውም የትኛው ኳስ በላይኛው ሊግ መቺዎች ላይ እንደሠራ፣ የትኛው እንደተመታ፣ በተከታታይ ቀናት ሲወረውር ፍጥነቱ ምን ያህል እንደወረደና ቀጥሎ ሲጠራ ምን አሻሽሎ ሊመጣ እንደሚገባው የያዘ መሆን አለበት። ወደ ታች መውረዱንም ወርዋሪው ከዋና አሠልጣኙ አንደበት፣ በሩ ተዘግቶ፣ ከነምክንያቱ ሊሰማ ይገባዋል።