ከጨው በኋላ የሚመጣው

ሜልበርን ውስጥ በአንድ የአረጋውያን መኖሪያ ምግብ ማብሰል ከጀመርኩ 11 ዓመት ሆነኝ። ቁርስ ላይ ክርክር የሚያስነሳው እንቁላሉ ወይም ገንፎው ሳይሆን የተጠበሰ ዳቦ ላይ የሚቀባው ጥቁሩ የእርሾ ቅባት ነው። እዚሁ አገር ያደጉት ከቬጂማይት ሌላ አይነኩም። ከእንግሊዝ የመጡት ማርማይት ይላሉ። ከኒውዚላንድ የመጡትም ማርማይት ይላሉ፤ ስሙ አንድ ይሁን እንጂ ዕቃው ሌላ ነው። አንድ ቀን ዓይናቸው የደከመ አንዲት እናት ዳቦውን ገመጥ አደረጉና «ይኼ የእኔ አይደለም» ብለው ሳህኑን መለሱልኝ። ልክ ነበሩ፤ ብልቃጦቹ ተቀያይረውብኝ ነበር። እኔ በዓይኔ ያልለየሁትን እሳቸው በምላሳቸው ለዩት። ቅምሻን እንደ ሙያ የያዝኩት ከዚያን ቀን ወዲህ ነው።

ጀማሪ ሳለሁ ሦስቱን በማንኪያ ጫፍ እየነካሁ በተከታታይ ቀመስኩ። የመጀመሪያው እስከ አናቴ ወጣ፤ ሁለተኛው ለዘብ አለ፤ ሦስተኛው ከጨው በቀር ምንም አልነበረውም። ደብተሬ ላይ «ሦስተኛው ደካማ» ብዬ ጻፍኩ። በማግስቱ ተራውን ገልብጬ ስቀምስ ያ ደካማ ያልኩት ከሁሉም በረታ። ለካ የደከመው ምላሴ ነው። በ100 ግራም ቬጂማይት ውስጥ 8 ግራም ገደማ ጨው አለ፤ የእንግሊዙ ማርማይት ደግሞ ከ10 ግራም ያልፋል። ይህን ያህል ጨው ቀድሞ ይገባና በሩ ላይ ይቆማል። ከኋላው ያለው እስኪገባ መታገሥ ያስፈልጋል።

አሁን ግማሽ የሻይ ማንኪያ በአንድ ነጭ ስኒ ለብ ያለ ውኃ አስበጠብጣለሁ። የትኛው የትኛው እንደሆነ እንዳላውቅ ስኒዎቹን የሚሞላልኝ ሌላ ሰው ነው። አሸታለሁ፤ ፉት እላለሁ፤ አፌ ውስጥ አዙሬ እውጣለሁ። ከዚያ ዝም ብዬ እቆያለሁ። በአንዱና በሌላው ስኒ መካከል ጨው የሌለው ዳቦና ውኃ፣ ቢያንስም አምስት ደቂቃ። በቀን ከአራት ስኒ በላይ አልቀምስም። ተራውንም በየቀኑ እቀያይራለሁ።

ጨዉ ካለፈ በኋላ አፍ ውስጥ የሚቀረውን ነገር ጃፓናዊው ኬሚስት ኪኩናኤ ኢኬዳ በ1908 እ.ኤ.አ. ከባሕር አረም መረቅ ለይቶ ኡማሚ ብሎታል። እኔ ግን ቃሉን ከእናቴ ማጀት ይዤው ነው የመጣሁት። እናቴ ወጥ ቀምሳ ስትረካ «ጣመ» ነበር የምትለው። ጣፋጭ ከሆነ ስኳርም ጣፋጭ ነው፣ ማርም ጣፋጭ ነው። ጣም ግን ቁሌቱ ሳይቸኮል ሲበስል፣ አጥንቱ መረቁን ሲለቅ የሚመጣ፣ ምላስን ሸፍኖ ጉሮሮ ሥር የሚያድር ነገር ነው። እነዚህን ቅባቶች ሳወዳድር የምለካው የጣማቸውን ርዝመት ነው።

ጣሙ ከየት እንደሚመጣ ለማስረዳት ጠላ ከጠመቀ ሰው ጋር ብዙ አልደክምም። ቢራው ሲወጣ ከሥር የሚቀረው አተላ እርሾ ነው። ይህ እርሾ ተጠናክሮ እንደሚበላ ያሳየው ጀርመናዊው ዩስቱስ ፎን ሊቢሽ ነው። ጨው ጨምረው ሲያሞቁት እርሾው ይሞታል፤ በውስጡ የነበሩት ኢንዛይሞች ግን ሥራቸውን አያቆሙም፤ የገዛ ፕሮቲኑን ይሰባብሩታል። ከስብርባሪው አንዱ ግሉታሚክ አሲድ ነው፤ ጣሙ በአብዛኛው የእሱ ነው። ገለባው ተጣርቶ ይወጣል፣ ፈሳሹም እስኪጠቁርና እስኪወፍር ይተናል። ጌሾ ለጠላ የሆነውን ያህል ለቢራ ሆፕስ ነውና፣ ምሬቱ አስቀድሞ ካልታጠበ ቅባቱን የሚቀምሰው አይገኝም። ምን ያህሉ ታጥቦ ምን ያህሉ እንደሚቀር፣ በኋላስ ምን እንደሚጨመር፣ ባለሙያ ከባለሙያ የሚለየው እዚህ ላይ ነው።

የእንግሊዙ ማርማይት በ1902 የቢራ ከተማ በሆነችው በበርተን አፖን ትሬንት ተጀመረ። ከማንኪያ ላይ እንደ ማር ይንጠባጠባል፤ ክር ይሠራል፤ ስኒ ውስጥ ቀላ ይላል። ጨዉ ካለፈ በኋላ የተጠበሰ ሥጋ ድስት ሥር የሚቀረውን ያስታውሰኛል፤ ከማወዳድራቸው ሁሉ ረጅሙ ጣም የእሱ ነው። አንድ ከሰዓት በኋላ ግማሽ ስኒ ያህል ይዤ በማንኪያ መታሁት። አየር እየገባበት መጀመሪያ ወርቃማ ሆነ፣ ክንዴ ሲዝል እንደ ተመታ ቅቤ ገረጣ። ለባልደረባዬ ባቀምሳት «ይኼኛው ጨው ቀነሰ» አለች። ምንም አልቀነሰም። ዓይን እንዲህ ስለሚያታልል ነው ለፍርድ ስቀመጥ ሁሉንም የማስበጠብጠው። ነርስ የነበሩ አንዲት ነዋሪያችን ማርማይትን ከምግብ ይልቅ መድኃኒት ነው የሚሉት፤ ሉሲ ዊልስ የተባለች ሐኪም ቦምቤይ ውስጥ ደም ያነሳቸውን ነፍሰ ጡሮች በእርሾ ቅባት ማዳኗን በ1931 ጽፋለች። ያዳናቸው ኋላ ፎሊክ አሲድ የተባለው ነው።

ቬጂማይት የዚሁ የሜልበርን ልጅ ነው። የመጀመሪያው የዓለም ጦርነት የማርማይትን መምጣት ካስተጓጎለ በኋላ ኬሚስቱ ሲሪል ካሊስተር ለፍሬድ ዎከር ኩባንያ ቀመረውና በ1923 ለገበያ ወጣ። ይኼኛው አይፈስም፤ ቢላዋ የሄደበት መንገድ ላዩ ላይ ታትሞ ይቀራል። ብቅል ይሸታል። ምሬቱ ጥርት ያለ ነው፤ ቶሎ ይመጣል፣ ቶሎም ይሄዳል። ብቻውን ሲቀመስ አጭር ነው ብዬ ለዓመታት ዝቅ አድርጌው ኖሬአለሁ። የፈረድኩበት ያለ ቅቤ ነበር። ትኩስ ዳቦ ላይ ቅቤው እስከ ጠርዙ ሲቀልጥ፣ በላዩ ላይ ዳቦው እየታየ ስስ ሆኖ ሲቀባ፣ ቅቤው አጭሩን ጣም ያስረዝመዋል። ዳቦ ላይ የሚስተካከለው የለም፤ ይህን ለመከራከር ዝግጁ ነኝ።

የኒውዚላንዱን ማርማይት የሚሠራው ሳኒታሪየም ነው። ስሙ እዚህም የእሱ ስለሆነ የእንግሊዙ በአውስትራሊያ የሚሸጠው በሌላ ስም ነው። ስኳር አለው፤ ጨዉን ለስለስ አድርጎ ያስገባዋል፣ ጣሙንም ቶሎ ይሸፍነዋል። እኔ አልመርጠውም። ነገር ግን በ2011 እ.ኤ.አ. የክራይስትቸርች መሬት መንቀጥቀጥ ፋብሪካውን ጎድቶት ምርቱ ሲቆም፣ እስከ መጋቢት 2013 ድረስ ከመደርደሪያ ጠፍቶ ነበር። ከዚያ የመጡ አንድ አዛውንት የመጨረሻዋን ብልቃጥ እሑድ እሑድ ብቻ እየከፈቱ እንዳቆዩአት ነግረውኛል። የእሳቸውን ዳቦ ስቀባ እጄ ይጠነቀቃል። በ1931 የጀመረው የስዊስ ሴኖቪስ ደግሞ ካሮትና ሽንኩርት ስላለበት ገር ነው፤ ደክሞኝ ስገባ የምበላው እሱን ነው።

ወጥ ውስጥ የማስገባው ግን የእንግሊዙን ነው። ሥጋም ወተትም የለበትም። አምና በሁዳዴ ከቅዳሴ መልስ ቤቴ ለመጡ እንግዶች በሠራሁት የምስር ወጥ ውስጥ፣ ቁሌቱ ሊወጣ ሲል አንድ የሻይ ማንኪያ ጨመርኩ፤ ጨዉን ለዚያው ቀነስኩ። አንዲት እናት ሁለት ጉርሻ ጎርሰው እጃቸውን ሰበሰቡ። ሰው እንዳይሰማ ጠጋ ብለው «ልጄ፣ ቅቤ ነው ወይስ መረቅ ያስገባሽበት?» አሉኝ። ብልቃጡን አምጥቼ ከፈትኩላቸው። አሸተቱት። መልሰው አሸተቱት።

«ይኼማ አተላ ነው።»

«አዎ፣ እማማ።»

በማንኪያ ጫፍ ሰጠኋቸው። ፊታቸው ተኮማተረ። ውኃ ላቀርብላቸው ብዬ ተውኩት፤ ጨዉ እስኪያልፍ አብሬአቸው ጠበቅኩ።