ያላለቀ ቅልቅል፦ ስለ ባለቀለም የሱፍ ፈትል

ባለቀለም ሱፍ በቤቱ ቀላቅሎ ለሚፈትል ሰው የሚቀናው አካሄድ፣ ቀለማቱ አንድ እስኪሆኑ ደጋግሞ ማበጠር ነው። ጥንቃቄ ይመስላል። የፈትል ድምቀት ግን የሚገኘው ቅልቅሉ ሳያልቅ እጅን በመሰብሰብ ነው፤ ምክንያቱም ከራሱ ከጠጉሩ ባሕርይ ይጀምራል። የተነከረ ጠጉር እንደ ፈሳሽ ቀለም አይሟሟም፤ ቀዩ ከአረንጓዴው ጋር ስንት ጊዜ ቢበጠር ቀይነቱን አይለቅም፤ የሚቀላቅላቸው የተመልካቹ ዓይን ነው። ሰማያዊና ቢጫ ሱፍ አብሮ ያበጠረ ሰው ደማቅ አረንጓዴ ጠብቆ ወደ ግራጫ ያደላ አረንጓዴ የሚያገኘው ለዚህ ነው። ቀይና አረንጓዴ እኩል ሲገቡማ የሚወጣው ጭቃማ ነገር ነው። ፈረንሳዊው ኬሚስት ሼቭረል እ.ኤ.አ. በ1824 በፓሪስ የጎብለን የግድግዳ ምንጣፍ ማምረቻ የማቅለሚያ ኃላፊ ሆኖ ሲሾም፣ ጥቁሩ ክር ይደበዝዛል የሚል አቤቱታ ጠበቀው። መርምሮ የደረሰበት ግን ጥቁሩ እንከን እንደሌለበት፣ መልኩን የነሳው ከጎኑ የተሸመነው ሰማያዊና ወይን ጠጅ እንደሆነ ነው። በ1839 ያሳተመው መጽሐፍ ይህንኑ የጎረቤት ቀለማት ተጽዕኖ በሰፊው ያትታል። ተቃራኒ ቀለማት ለየብቻ እስከታዩ ድረስ አንዱ ሌላውን ያጎላል፤ ዓይን መለየት እስኪሳነው ሲደቁ ግን ይጣፋሉ።

በዚህ ላይ ማበጠር የመጀመሪያው እንጂ የመጨረሻው ቅልቅል አይደለም። ሽቦ ጥርስ ባላቸው ሁለት የእጅ ማበጠሪያዎች መካከል አንድ ሁለት ጊዜ ያለፈ ሱፍ ገና ወፋፍራም የቀለም መስመሮች ይታዩበታል፤ ተጠቅልሎ ባዘቶ ሲሆን ለዓይን እንዲያውም ይበዛል። ፈታዩ ስቦ ሲያቀጥነው ግን ጣት የሚያህለው መስመር እንደ ፀጉር ይሰልላል፣ ማክረሩ ይጠመዝዘዋል፣ ሁለት ፈትል ሲገመድ ዳግም ይሰባበራል፤ ሽመናው ደግሞ ድርና ማግ አድርጎ ያቀላቅለዋል። እያንዳንዱ ደረጃ ከቀለሙ ልዩነት የየድርሻውን ይወስዳል። ማበጠሪያው ላይ ያለቀለት ቅልቅል ለቀሩት ደረጃዎች የሚያስቀረው ነገር የለም።

ጠንካራው ተቃውሞ ከሸማኔው በኩል ይመጣል፦ ለአንድ ልብስ የሚበቃ ፈትል ከጫፍ እስከ ጫፍ አንድ መልክ ካልያዘ ጥለት ይበላሻል። እውነት ነው፤ ነገር ግን ወጥነትን የሚያመጣው ሚዛን እንጂ ማድቀቅ አይደለም። ከስኮትላንድ ሰሜን ምዕራብ ባሉት ደሴቶች የሚሠራው ሃሪስ ትዊድ የተባለው የሱፍ ጨርቅ ለዚህ ምስክር ነው። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የብሪታንያ ሕግ መሠረት ሱፉ እዚያው ይነከራል፣ እዚያው ይፈተላል፣ ደሴተኞቹ በየቤታቸው በእጅ ይሸምኑታል። ጠጉሩ የሚነከረው ከመፈተሉ በፊት ስለሆነ ልዩ ልዩ ቀለማት ተመዝነው ይቀላቀላሉ። ከሩቅ ቡናማ የመሰለው ኮት ቀረብ ሲሉት ብርቱካናማ፣ አረንጓዴና ወይን ጠጅ ነጠብጣብ ያወጣል፤ መጠኑ ስለተያዘ ግን ያው መልክ ደግሞ ይወጣል።

ሁለተኛው ተቃውሞ፣ በጥቂቱ የተበጠረ ሱፍ ይጓጉላል፣ ፈትሉም ይበጣጠሳል ይላል። እዚህ ላይ ማባዘትና መቀላቀል ተምታተዋል። እያንዳንዱ ቀለም አስቀድሞ ለብቻው በደንብ ተባዝቶ ከተፍታታ፣ ቅልቅሉ ለአጭር ጊዜ ቢሆንም ፈትሉ አይጎዳም። ጉዳቱ ያለው እንዲያውም ሲበዛ ነው፤ ያለ ልክ የተበጠረ ጠጉር ይሰበርና ትናንሽ ቋጠሮ ያወጣል።

አንድ ቦታ ላይ ግን መሸነፍ ይገባል፤ እሱም ግራጫ ነው። እንደ መንዝ ባለ የደጋ በግ አገር፣ ጥቁርና ነጭ ጠጉር ያለ ማቅለሚያ ተቀላቅሎ ጸጥ ያለ አመድማ መልክ እንዲሰጥ ከተፈለገ እስከ መጨረሻው ማበጠር ተገቢ ነው፤ እዚያ የሚሞት ድምቀት የለምና። ለቀረው ሁሉ የማቆሚያው ምልክት ከማበጠሪያው ላይ ሳይሆን ከጣት ይገኛል፦ ከባዘቶው ቆንጠር አድርጎ ማክረር፣ ለሁለት አጥፎ መግመድ፣ ከዚያም ክንድን ዘርግቶ ማየት። ቀለማቱ በዚያ ርቀት ገና የሚለዩ ከሆነ ማበጠሪያው ሥራውን ጨርሷል።