ጳጉሜን 9 ቀን የተመረመረው ሕመምተኛ፦ የምርምር ማጭበርበርን ስለ መለየትና ስለ ማሳወቅ

የምርምር ሥነ ምግባር ሥልጠና በተሰጠ ቁጥር ሦስት ነገሮች ተደጋግመው ይነገራሉ፤ መረጃን መፍጠር፣ መረጃን ማዛባትና የሌላውን ሥራ የራስ አስመስሎ ማቅረብ። ይህ የአሜሪካ መንግሥት እ.ኤ.አ. በ2000 ያወጣው ትርጓሜ ሲሆን፣ በአዳማም ሆነ በሞጆ፣ በባቱም ሆነ በሻሸመኔ የሚሠራ ሐኪም ከሥልጠናው በቃሉ ይዞት ሊወጣ ይችላል። ይሁን እንጂ ትርጓሜውን ያወቀ ሁሉ ድርጊቱን ሲያየው አይለየውም፤ የለየውም ቢሆን ለማን እንደሚናገር ይቸግረዋል።

ማወቅና መለየት ምን ያህል እንደሚራራቁ ለማየት እ.ኤ.አ. በኖቬምበር 2020 ከግብፅ ቤንሃ ዩኒቨርሲቲ የወጣውን የአይቨርሜክቲን ጥናት መመልከት ይበቃል። ጥናቱ በሙያ ባልደረቦች ሳይገመገም በቅድመ ኅትመት ድረ ገጽ ላይ የቀረበ ሲሆን፣ መድኃኒቱ በኮቪድ-19 የሚደርሰውን ሞት በ90 በመቶ ገደማ እንደሚቀንስ ይገልጽ ነበር። ልምድ ያላቸው ተንታኞች ቁጥሩን ተቀብለው በድምር ትንተናዎቻቸው ውስጥ አስገቡት። ጉድለቱን ያገኘው ግን ጃክ ሎረንስ የተባለ በለንደን ይማር የነበረ የሕክምና ተማሪ ነው፤ ጽሑፉንም ያነበበው መምህሩ ለትምህርት ሥራ ስለ ሰጠው ነበር። መግቢያው ከሌሎች ጽሑፎች ተወስዶ ቃላቱ በተመሳሳይ ቃላት የተለዋወጡ መሆኑን አስተዋለ፤ የታወቀው የበሽታ ስያሜ እንኳ ማንም በማይጠቀምበት አነጋገር ተተክቶ ነበር። የመረጃው ፋይል የተቆለፈ ቢሆንም የይለፍ ቃሉ 1234 ሆኖ ተገኘ። ሲከፈትም ተሳታፊዎቹ ከ18 እስከ 80 ዓመት ናቸው በተባለበት ጥናት ከ18 በታች የሆኑ ነበሩበት፤ ጥናቱ ከመጀመሩ በፊት የሞቱ ሰዎችም ተመዝግበዋል። ኒክ ብራውን የተባለ ተንታኝ ደግሞ ቢያንስ 79 የሚሆኑ የተባዙ የሚመስሉ መዝገቦችን አመለከተ። ጽሑፉ በጁላይ 2021 ከድረ ገጹ ተነሣ። ከድምር ትንተናዎቹ ሲወጣም መድኃኒቱ ሞትን ይቀንሳል የሚለው ማስረጃ እጅግ ተዳከመ። በእነዚያ ስምንት ወራት ውስጥ ግን መድኃኒቱ በብዙ አገሮች ለሕመምተኞች ሲታዘዝ ቆይቷል።

ተማሪው የተለየ መሣሪያ አልነበረውም፤ ሰንጠረዡን እንደ ሕመምተኛ ካርድ አነበበው እንጂ። ይህ ዓይነቱ ንባብ በስምጥ ሸለቆ ከተሞች ላለ ባለሙያ ይበልጥ ሊቀል ይገባል፤ አገሩን ያውቃልና። በወንጂ አካባቢ የጉድጓድ ውኃ ፍሎራይድ የዓለም ጤና ድርጅት ከሚፈቅደው 1.5 ሚሊግራም በሊትር እጅግ በልጦ፣ በአንዳንድ ጉድጓዶች ከ10 በላይ ሆኖ ተለክቷል። በዚያው ውኃ ያደጉ ጎልማሶች ጥርሳቸው አልበለዘም የሚል ጥናት ቢቀርብ ጥያቄ ሊያስነሣ ይገባል። በገጠር ዕድሜ ሲጠየቅ መልሱ በ0 እና በ5 በሚያልቁ ቁጥሮች ላይ መከማቸቱም በሕዝብ ቆጠራ ሳይቀር የታወቀ ነው፤ ስለዚህ እንከን የሌለበት የዕድሜ ሥርጭት መጠይቁ ቤት ለቤት ሳይሆን ሻይ ቤት ተቀምጦ የተሞላ መሆኑን ሊያመለክት ይችላል። እውነተኛ መረጃ የራሱ ጉድፍ አለው። ከመስቀል በኋላ ባለው እሑድ፣ ያውም በኢሬቻ ዕለት፣ ቢሾፍቱ ውስጥ በተመላላሽ ክፍል 60 ሰው ተመርምሯል ቢባል፣ ወይም ጳጉሜን 9 ቀን የተመረመረ ሕመምተኛ ቢገኝ፣ አንባቢው ቆም ማለት አለበት። እርግጥ የኋለኛው ከአውሮፓ አቆጣጠር ሲገለበጥ የተፈጠረ ስሕተት ሊሆን ይችላል፤ ስለዚህ ምልክቱ የሚያስጠይቅ እንጂ የሚያስፈርድ አይደለም።

የሥነ ምግባር ኮሚቴዎቻችን ሊወቀሱ የሚገባቸው እዚህ ላይ ነው። የጥናቱን ዕቅድ በጥንቃቄ ይመረምራሉ፤ የስምምነት ቅጹን ያርማሉ፤ ፈቃዱ ከተሰጠ በኋላ ግን በአብዛኛው ወደ መስክ ወርደው አያዩም። ሦስቱን በደሎች ብቻ የሚዘረዝረው ትርጓሜም በየቤቱ የለመድነውን አንድ ነገር ይዘላል፦ ምንም ሳይሠራ ስሙ ከጸሐፊዎች ተርታ የሚገባውን አለቃ። የደረጃ ዕድገት በጽሑፍ ቁጥር እስከ ታሰበ ድረስ ይህ ስጦታ መሰጠቱ አይቀርም። አለቃው ያላነበበውን ጽሑፍ ጉድለቱ ሲገለጥ አላውቅም ቢል ደግሞ እውነቱን ነው።

ማሳወቁ ከመለየቱ ይከብዳል። ብዙውን ጊዜ ነገሩን የሚያየው መረጃ ሰብሳቢው፣ የማስተርስ ተማሪው ወይም ሬዚደንቱ ነው፤ የመመረቂያ ጽሑፉ ላይ የሚፈርመው ደግሞ ያው የሚጠረጠረው አማካሪ ሊሆን ይችላል። ለጠቋሚዎች ጥበቃ የሚሰጠው አዋጅ ቁጥር 699/2003 በ10 ዓመትና ከዚያ በላይ ጽኑ እሥራት ወይም በሞት ለሚያስቀጡ ወንጀሎች የተደነገገ በመሆኑ፣ የተፈጠረ የደም ግፊት ቁጥር ያየን ተማሪ አይሸፍንም። ጉዳዩ በሽምግልና ሲያልቅ ባልደረቦቹ ይታረቃሉ፤ የታተመው ቁጥር ግን አይታረቅም።

ስለዚህ ጠቋሚው ሰውን ሳይሆን ሰነድን ይዞ መቅረብ ይኖርበታል፦ የሰንጠረዡን ቅጂ፣ ቀኑን፣ የትኛው መስመር ከየትኛው ጋር እንደሚጋጭ። መጀመሪያ ጥሬ መረጃውን በጽሑፍ ይጠይቃል፤ ካልተሰጠው ወደ ኮሚቴው፣ ጽሑፉ ከታተመም ወደ መጽሔቱ አዘጋጅ ይጽፋል። የትምህርት ክፍሎች በበኩላቸው አዲስ ሕግ ሳይጠብቁ ሊያደርጉ የሚችሉት አለ። ጥናቱ በሆስፒታል ካርድ ላይ የተመሠረተ ከሆነ፣ ከመከላከያው ዕለት በፊት ከተሞሉት ቅጾች 10 በዕጣ ወጥተው ከካርድ ክፍሉ መዝገብ ጋር ይመሳከሩ። ግማሽ ቀን ይበቃል። ለዚህም ቅጾቹ መኖር አለባቸው፤ ምርቃቱ ባለፈ ማግስት ለሱቅ መጠቅለያ የሚሸጥ መጠይቅ ሊመሳከር አይችልም።