«ወርቃማው ሰዓት» የማን ሰዓት ነው?



ክረምቱ አልፎ መሬቱ ሲጠነክር፣ ሰማዩም ሲጠራ የሰርግ ጥሪ ካርድ በየቤቱ መዞር ይጀምራል። ከመስከረም 26 እስከ ታኅሣሥ 25 ያለው የመፀው ወቅት ለገበሬው የአጨዳ፣ ለከተሜው ደግሞ የድግስ ወቅት ከሆነ ቆይቷል። ሰርጉም ከአዳራሽ ወጥቶ መስክ ላይ መዋል ጀምሯል። ከአዲስ አበባ 47 ኪሎ ሜትር ያህል የምትርቀው ቢሾፍቱ በሆራ፣ በባቦጋያና በኩሪፍቱ ሐይቆቿ ዳር ሙሽሮችን ስታስተናግድ ትውላለች። እንግዳው በታሰረ ጭድ ላይ ይቀመጣል፤ እንስራና ቀንበር ለጌጥ ይደረደራሉ፤ ዛፉ ላይ አምፖል ይንጠለጠላል። ከሙስሊም ቤተሰቦችም ይህን የሚመርጡ አሉ። አልበሞቻቸውን አገላብጣችሁ ይሆናል፤ ይህ ጽሑፍም የሚተቸው እነዚያን አልበሞችና የተሠሩበትን መንገድ ነው።

መስክ ላይ መደገሱ በራሱ አይነቀፍም። ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) በ7ኛው ዓመተ ሂጅራ ከኸይበር ሲመለሱ እናታችን ሶፊያን (ረ.ዐ) ባገቡ ጊዜ ወሊማው የተደገሰው መንገድ ላይ፣ ሜዳ ላይ ነበር። አነስ ኢብን ማሊክ (ረ.ዐ) እንዳስተላለፉትና ቡኻሪ እንደ ዘገቡት ዳቦም ሥጋም አልቀረበበትም። የቆዳ ምንጣፍ ተዘርግቶ ቴምር፣ አቂጥ የተባለው ደረቅ የእርጎ ምግብና ቅቤ ተደረገበት፤ ሙስሊሞችም ተጠርተው በሉ። ከዚህ የቀለለ የመስክ ሰርግ ከወዴት ይገኛል? እንግዲህ ጥያቄው ሰርጉ የት ተደገሰ የሚል አይደለም። የዚያን ቀን አዛዥ ማን ነበር? የሚል ነው።

በዛሬው የመስክ ሰርግ አዛዡ ሙሽራው አይደለም፤ የሙሽሪት አባትም አይደሉም። ፎቶ አንሺው ነው። መቼ እንደሚነሱ፣ የት እንደሚቆሙ፣ መቼ እንደሚበሉ የሚወስነው እርሱ ነው። የእርሱ አዛዥ ደግሞ ብርሃን ነው። ለምን እንደሆነ ማወቅ ይጠቅማል። በቀትር ፀሐይ አናት ላይ ስትሆን የዓይን ጉድጓድና አገጭ ሥር ጥቁር ጥላ ትጥላለች፤ ካሜራውም ለነጩ ቬሎ ሲለካ ፊት ይጨልማል፣ ለፊት ሲለካ ቬሎው ነጭ ወረቀት ይሆናል። ፀሐይ ዝቅ ስትል ግን ብርሃኗ በረዥም አየር ውስጥ አልፎ ይመጣል፤ ሰማያዊው ተበትኖ ቢጫውና ቀዩ ይቀራል፤ ከጎን ይመታል፣ ይለሰልሳል። ፎቶ አንሺዎች ይህችን ጊዜ «ወርቃማው ሰዓት» ይሏታል። በሰሜን አውሮፓ ፀሐይ አግድም ስለምትወርድ ይህ ጊዜ ረዥም ነው። በእኛ አገር ግን ለምድር ወገብ ቅርብ ስለሆንን ፀሐይ ቁልቁል ትወርዳለች፤ ደህናው ብርሃን ግማሽ ሰዓት ቢቆይ ነው። ስለዚህ ፎቶ አንሺው ያችን ግማሽ ሰዓት እንደ ዐይኑ ብሌን ይጠብቃታል።

አሁን ሰዓቱን እናሰላ። በኅዳር አጋማሽ ቢሾፍቱ ላይ በሻፊዒያ መዝሀብ የዐስር ወቅት 9 ሰዓት ተኩል ገደማ ይገባል። ፀሐይ የምትጠልቀው 12 ሰዓት አካባቢ ነው። ታዲያ ያቺ ወርቃማ የተባለች ጊዜ በፊቅህ ኪታቦቻችን ስም የሌላት አይደለችም። ፉቀሃዎቻችን ፀሐይ ቢጫ የምትሆንባትን ይህችን ጊዜ ኢስፊራር ብለው ለይተው ያውቋታል፤ ያለ ምክንያት ዐስርን እስከዚያች ድረስ ማዘግየትም የተጠላ መሆኑን አስተምረዋል። ፀሐይን እየጠበቀ ተቀምጦ ልትጠልቅ ስትል ብድግ ብሎ አራት ረከዓውን እንደ ወፍ የሚለቅመውን ሰው ሶላት ነቢዩ (ሰ.ዐ.ወ) የሙናፊቅ ሶላት ብለው የነቀፉበትን፣ ሙስሊም የዘገቡትን ሐዲስ የማያውቅ ጥቂት ነው። ያው አንዱ ብርሃን ነው፤ ለካሜራው ምርጥ የሆነችው ጊዜ ለዐስር መጨረሻዋና የተጠላችዋ ናት።

ከዚያስ በኋላ? ፀሐይ ጠልቃ ሰማዩ ሰማያዊ ሲሆን «አሁን ደግሞ በአምፖሉ ብርሃን» ይባላል። ያ ጊዜ የመግሪብ ነው። መግሪብ ከገባ እስከ ዒሻእ ያለው ጊዜ ደግሞ ከ1 ሰዓት ጥቂት ቢበልጥ ነው። «መንገደኞች ነን፣ እናጣምራለን» የሚሉ እንዳሉ ይሰማል። 47 ኪሎ ሜትር ግን አብዛኞቹ ዑለማዕ ሶላት ለማሳጠር ካስቀመጡት፣ ከ80 ኪሎ ሜትር ከሚልቀው ርቀት እጅግ ያንሳል። የሙሽሪት ነገር ደግሞ የባሰ ነው። ከማለዳ ጀምሮ የተቀባችው ቀለም፣ የጥፍሯም ቀለም እንዳይበላሽ ውዱእ ታደርግ ዘንድ ማንም አይመክራት። ዙህር፣ ዐስር፣ መግሪብ። በትዳሯ የመጀመሪያ ቀን ሦስት ሶላት! ይህን ያህል ተከፍሎበት የተገኘው ሥዕልስ ምን ይመስላል?

እስቲ አልበሙን ግለጡት። ሙሽሮቹ ጀርባቸውን ሰጥተው ወደ ሐይቁ ይሄዳሉ። ሙሽራው ሙሽሪትን ያነሳታል። ሚዜዎች አንድ ላይ ይዘላሉ። ቬሎው በነፋስ ይገለባል፤ ነፋስ ከሌለ አንድ ልጅ ከኋላ ሆኖ ወርውሮ ይሸሻል። ሁለት ቀለበት አበባ ላይ ተቀምጧል። ሌላ አልበም ግለጡ፤ እነዚሁ ናቸው። ፊታቸውን ብትሸፍኑት የማን ሰርግ እንደሆነ መለየት ይቸግራችኋል። ሙስሊም ይሁኑ አይሁኑም አታውቁም።

በአልበሙ የሌለውን ደግሞ አስቡ። ወሊዩ የሙሽራውን እጅ ይዞ «ዳርኩህ» ሲል፣ እርሱም «ተቀበልኩ» ሲል፣ ሁለቱ ምስክሮች አንገታቸውን ዘንበል አድርገው ሲያዳምጡ ያለችው ደቂቃ የለችም፤ ወይም ጥግ ላይ በአንዲት የደበዘዘች ፎቶ ታልፋለች። ሰርጉን ሰርግ ያደረገችው ግን እርሷ ናት! መህሩ ሲነገር የታየ የአባት ፊት የለም። ሌሊቱን ሙሉ ድስት ሲያማስሉ ያደሩት እናቶች የሉም። ዱዓ ያደረጉት ሸኽ የሉም፤ ወይም እጃቸው ብቻ ይታያል። አንድ ሥራ ሊያሳየው የተነሳውን ነገር ሳያሳይ ከቀረ፣ ብርሃኑ የቱንም ያህል ቢያምር የከሸፈ ሥራ ነው። ይህ ዲናዊ ብቻ አይደለም፤ የሙያውም ሚዛን ነው።

በፊልም ዘመን አንድ ጥቅልል የሚይዘው 36 ፎቶ ነበር። ፊልሙ ይገዛል፣ ይታጠባል፣ ይታተማል፤ ሁሉም ገንዘብ ነው። ፎቶ አንሺው ከመጫኑ በፊት ያስብ ነበር፦ ኒካሑ፣ ወላጆቹ፣ አያቶቹ፣ ጎረቤቶቹ። ፎቶዎቹ የደረቁ ነበሩ፤ ሰው ሁሉ እንደ ወታደር ተሰልፎ ይቆማል። ነገር ግን ማን እንደነበረ ይታወቃል። ዛሬ በአንድ ቀን በሺህ የሚቆጠር ፎቶ ይነሳል፤ ሁለት ሰዎች ብቻ ናቸው ያሉበት።

ስለ ጌጡም ጥቂት ልበል። ሙሽሪት በሕይወቷ ተሸክማው የማታውቀውን እንስራ አስይዘው ያነሷታል። ይህ ቢያስቅ እንጂ አይጎዳም። የሚጎዳው ማሳው ነው። በአድአ ምድር በኅዳር ጤፉ ደርሶ ወርቅ ይመስላል፤ ለፎቶ አንሺው ዓይን ከዚያ የተሻለ መድረክ የለም። ሙሽሮች፣ ስምንት ሚዜ፣ ሁለት ካሜራ ይዞ የሚገባ ሰው፣ መብራት የሚሸከም ልጅ… የደረሰ ጤፍ አንዴ ከተረገጠና ከተኛ እህሉ ይረግፋል፤ አይነሳም። የዚያ ገበሬ ፈቃድ ተጠይቋል? ካሣስ ተከፍሎታል? የአላህ ሐቅ በተውበት ይታበሳል፤ የባሪያ ሐቅ ግን ባለቤቱ ይቅር እስኪል ይጠብቃል። የዓመት እንጀራውን ረግጠን ያነሳነውን ፎቶ ግድግዳ ላይ ሰቅለን ስናየው ምን ይሰማን ይሆን?

ስለ ፎቶግራፍ ሑክም ዑለማዕ የተለያየ አቋም አላቸው። እ.ኤ.አ. ከ1914 እስከ 1920 የግብፅ ሙፍቲ የነበሩት ሸኽ ሙሐመድ በኺት አል-ሙጢዒ ፎቶግራፍ ጥላን በመሣሪያ መያዝ እንጂ በአላህ ፍጥረት መፎካከር አይደለም ብለው ፈቅደዋል። ሸኽ ዩሱፍ አል-ቀርዷዊም እ.ኤ.አ. በ1960 ባወጡት «ሐላልና ሐራም በኢስላም» መጽሐፋቸው በተመሳሳይ ሄደዋል። ሸኽ ዐብዱል ዐዚዝ ቢን ባዝ ግን አስገዳጅ ጉዳይ ከሌለ በስተቀር ከልክለዋል። ይህ ጽሑፍ ፈትዋ አይደለምና በመካከላቸው ለመፍረድ አይደፍርም። ነገር ግን የፈቀዱትም ቢሆኑ ማንኛውንም ሥዕል በጅምላ አልፈቀዱም፤ የሚታየው ነገር ራሱ የተከለከለ እንዳይሆን አስጠንቅቀዋል። «የፈቀዱ ዑለማዕ አሉ» ብሎ ካሜራውን ሴቶች ዘንድ ማስገባት የእነርሱን ቃል ግማሹን ማንበብ ነው።

ከሁሉ የሚከብደው ይኸው ነው። ሴቶች በራሳቸው ድንኳን መህረም ያልሆነ ወንድ እንደሌለ ተማምነው ሒጃባቸውን ያወልቃሉ፤ ያጌጡበትን ይገልጣሉ፤ ድቤ ይመታል፣ ይጨፈራል። ይህ የተፈቀደ ደስታ ነው። በዚያ መካከል ከፍ ብሎ የሚታይ አንድ ስልክ፣ ወይም «ልጅ ነው፣ ምንም አይደል» ተብሎ የገባ ቪዲዮ ቀራጭ ያን መተማመን ያፈርሰዋል። በፊልም ዘመን ክፉው ነገር አልበሙ በእንግዶች እጅ መዞሩ ነበር። ዛሬ ፎቶው በዚያው ሌሊት በቴሌግራምና በቲክቶክ ይለቀቃል። ፎቶ አንሺው ሥራውን ለማስተዋወቅ ይለጥፈዋል፤ ሙሽሪት ፈቅዳ ይሆናል፣ ከጎኗ የቆመችው የአክስት ልጅ ግን ማን ጠየቃት? የዚያች እህት ገላ በእንግድነት የተሰጠ አማና ነበር። አንዴ ከወጣ በኋላ «አጥፉልኝ» ቢባል ማን ዘንድ ይኬዳል?

ፎቶ ጨርሶ አይነሳ የሚል ሰው ካለ ጅዳ ወይም ሪያድ ሆኖ የእህቱን ሰርግ ያላየውን ወንድም ያስብ። አሠሪው ፈቃድ አልሰጠውም፤ ለድግሱ ግን ደመወዙን ልኳል። እርሱ የሚፈልገው ሐይቁን አይደለም። የእናቱን ፊት ነው፤ አባቱ ምን እንደለበሱ፣ አያቱ በምርኩዝ ይሁን ያለ ምርኩዝ መቆማቸውን ማየት ይሻል። ይህን የሚያሳይ አሥር ፎቶ ከሐይቅ ዳሩ ሺህ ፎቶ ይበልጥበታል።

ደግ ምልክትም አለ። ለሴቶቹ ወገን ሴት ፎቶ አንሺ የሚቀጥሩ፣ ስልክ በር ላይ ተቀብለው በቁጥር የሚያስቀምጡ ቤተሰቦች አሉ። በዚህ ሙያ የሚተዳደሩ እህቶችም ሥራቸው እንዲሰፋ ሊበረታቱ ይገባል። ስለዚህ ለልጃችሁ ሰርግ ፎቶ አንሺ ስትነጋገሩ፣ ገና ቀብድ ሳትከፍሉ ቁርጥ አድርጋችሁ ጠይቁ፤ ሴቶች ዘንድ ማን ይገባል? ካርዱ ማን ዘንድ ይቀራል? ያለ ፈቃድ እንደማይለጥፍ በጽሑፍ ይፈርማል ወይ? ማሳው የማን ነው? «ዐስር ወቅቱ እንደገባ ሰግደን ነው የምንነሳው» በሉት። ብርሃን ያመልጠናል ብሎ ቢከራከር አትስጉ፤ ዋርካ ጥላ ሥር በ10 ሰዓትም ብርሃኑ ለስላሳ ነው፣ ፊትም ያምራል፤ ይህን የማያውቅ ፎቶ አንሺ የለም።