ከሽቦው በፊት እቅዱ፦ «ዋይሪንግ ሲምፕሊፋይድ» ለሀያትስቪል አሮጌ ቤቶች

«ዋይሪንግ ሲምፕሊፋይድ» ኤች. ፒ. ሪችተር በ1932 እ.ኤ.አ. ያሳተመው የቤት ኤሌክትሪክ ዝርጋታ መጽሐፍ ነው። ደብልዩ. ሲ. ሽዋን፣ ኋላም ፍሬድሪክ ሃርትዌል ተረክበውት፣ የአሜሪካ ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ኮድ በየ3 ዓመቱ ሲታደስ አብሮ እየታደሰ ዘልቋል። በሜሪላንድ፣ ፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲ ውስጥ ያለችው ሀያትስቪል በከተማነት የተመዘገበችው በ1886 እ.ኤ.አ. ነው፤ ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በፊት የተሠሩ ቤቶቿ ብዙ ናቸው። ከእነዚህ አንዱን ገዝቶ መብራቱን ሊያሳድስ ያሰበ ወገን ይህን መጽሐፍ እንዲያነብ አጥብቄ እመክራለሁ፤ ግን ጉድለቱን አውቆ።

ብርታቱ እቅድን ማስቀደሙ ነው። ሰው በየትኛው በር ይገባል? ሲገባ እጁ የት ያርፋል? ማብሪያው እዚያ ይሁን። ኮዱም በቤት ውስጥ 6 እርከንና ከዚያ በላይ ያለው ደረጃ ከላይም ከታችም ማብሪያ እንዲኖረው ያዛል። አንድን መብራት ከሁለት ቦታ ማብራትና ማጥፋትን የሚያሳዩት ሥዕሎች ለጀማሪ በቂ ናቸው።

የጭነት ስሌቱ ግን ጊዜ አልፎበታል። ለ1 ስኩዌር ፊት 3 ቮልት አምፒር የሚለው የቆየው የኮዱ ሂሳብ የ15 አምፒር መስመር በ120 ቮልት 600 ስኩዌር ፊት ይችላል ይላል። ዛሬ 20 የኤልኢዲ አምፖሎች፣ እያንዳንዳቸው 10 ዋት ቢሆኑ፣ ድምራቸው 200 ዋት ብቻ ነው። ስለዚህ መስመር ሲከፈል ዋናው ጥያቄ ሌላ ነው፦ አንድ ብሬከር ሲወድቅ ፎቁ ሁሉ እንዳይጨልም ማድረግ።

ለአሮጌ ቤት የሰጠው ቦታም አነሰብኝ፤ ችግሩ ያለው ግድግዳው ውስጥ ነውና። በማብሪያው ሳጥን ውስጥ ባለ14 ቁጥር ሽቦ እያንዳንዱ 2 ኩቢክ ኢንች ቦታ ይፈልጋል። በደረጃው ግርጌ ባለ2 እና ባለ3 ሽቦ ኬብሎች ሲገናኙ 5 ሽቦ፣ ግራውንዶቹ እንደ 1፣ ማብሪያው እንደ 2 ይቆጠራሉ፤ በጠቅላላው 16 ኩቢክ ኢንች። የተለመደው የድሮ ሳጥን ደግሞ 12.5 ብቻ ነው። እቅዱ ወረቀት ላይ ቢያምርም ሳጥኑ አይበቃውም ማለት ነው።

ከሁሉ የሚያሳስበኝ ነጩ ሽቦ ነው። በድሮ ዝርጋታ አብዛኛውን ጊዜ ኃይሉ መጀመሪያ ኮርኒሱ ላይ ወዳለው አምፖል ይደርስና ወደ ማብሪያው አንድ ኬብል ብቻ ይወርዳል። እዚያ ነጩ ኒውትራል ሳይሆን ፌዝ ሊሆን ይችላል፤ ብዙ ጊዜም በጥቁር ቴፕ አልተለየም። ቀለም አይቶ «ይሄ አይነዝርም» ማለት ያስገድላል፤ ብሬከሩን አጥፍቶ በቴስተር መፈተሽ ግድ ነው። ኮዱ ከ2011 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በአብዛኛው ማብሪያው ዘንድ ኒውትራል እንዲደርስ ስለሚጠይቅ አዲሱ እቅድ ይህን ከመነሻው ያስገባ።

መጽሐፉን ለማቀድ ተጠቀሙበት፤ የአዲሱን መስመር ሥራ ግን የፕሪንስ ጆርጅ ካውንቲን ፈቃድ አውጥቶ ለሚሠራ፣ ላይሰንስ ላለው ኤሌክትሪሺያን ስጡ።